ለጌጥነሽ ማን ይንገራት

ጥቅምት 1፣ ቅዳሜ

ብርቱካን ቆርጬ ሜዳ ወሰድኩ። እንደ ሁልጊዜው። ነፋስ ነበር። ተራራው ጫፍ ላይ በረዶ መታየት ጀምሯል።

ጎረቤቴ ወንድሙ የሚያሠለጥናቸውን ልጆች መሬት አስቀምጦ የጎሉን መረብ ያስጠግናቸዋል። ቀዳዳ እያለ ኳስ የሚመታ የለም፤ ሕጉ ነው። ዝዋይ ሐይቅ ዳር ያደገ የዓሣ አስጋሪ ልጅ ነው። አባቱ መረቡን ሳይጠግን ውኃ ላይ ወጥቶ አያውቅም ነበር አሉ። እዚህ አሜሪካ፣ ኦሮራ ያደጉ ልጆች ይሄን ምን ያውቃሉ? በረኛዋ ሄራን፣ የጎረቤቴ የሊሊ ልጅ፣ ጣቷ በክሩ ተጠላልፎ «ኮች፣ አዲስ መግዛት እንችላለን እኮ» አለችው፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ።

«መግዛትማ ማንም ይገዛል» አላት። ተነጫነጨች። ግን ቋጠረች።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ሒሳብ አስተማሪ ነው፣ ሚድል ስኩል። ቅዳሜ አሠልጣኝ። ቤቱ ከእኔ በላይ ነው፤ እንዳይረብሸኝ ብሎ ጫማውን አውልቆ ነው የሚራመደው። ቢሆንም እሰማዋለሁ። አለመስማቱ ነው የሚከብደኝ... ባሌ ወልደገብርኤል ከሞተ በኋላ ከሌላ ሰው ጋር የምኖር የሚመስለኝ በዚያ ኮቴ ነው።

እናቱ ረቡዕ ሳምንት ትገባለች። ቪዛው ስንት ዓመት ፈጀ። ካፖርት ገዝቶላት እኔ ላይ ለካው።

«እትዬ አጸደ፣ እሷ ትንሽ ሰፋ ትላለች። እስቲ ተነፍተው ይቁሙልኝ።»

ተነፋሁ። ለመሆኑ ከሳቅኩ ስንት ጊዜዬ ነበር?

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ወንድሙ ሞተ።

ትምህርት ቤት ሲቀር ደወሉለት፣ አላነሳም። ሊሊ የሕንፃውን ማናጀር ጠርታ በሩን አስከፈተች። አልጋው ላይ ነበር። እንደተኛ። ልቡ ነው አሉ። ሠላሳ እንኳን አልሞላውም።

ጠዋት ኮቴውን እንዳልሰማሁ አውቄ ነበር። ዛሬ ረፍዶበታል ብዬ ሻይ አፈላሁ...

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና፣ ምግብ ቤቱ ጓሮ ያለችው ክፍል። የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ኮሚቴ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ጋሽ ብዙነህ ናቸው። ዴንቨር ውስጥ መርዶ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። ስንቱን አርድተዋል። ማለዳ በር ላይ ከታዩ ሰው ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ነው የሚጮኸው።

ተወሰነ። ለእናቱ አይነገራትም። አሁን ከሰማች አውሮፕላን አትሳፈርም፣ ስለዚህ ሳትሰማ ትምጣ። ረቡዕ ስትገባ ልጅሽ ተማሪዎች ይዞ ለውድድር ዩታ ሄዷል ትባላለች። ዓርብ እኛ እንቀብራለን። እሷ አርፋ፣ እህል ቀምሳ፣ ቅዳሜ ማለዳ ሰው ተሰብስቦ ይነገራታል።

የጠየቀች ሊሊ ብቻ ናት።

«ቀብሩ ላይ ሳትገኝ?»

«ደም ግፊት አለባት፣ ልጄ። ሬሳውን አይታ ሌላ ሬሳ ልታስታቅፈን ነው?» አሏት ጋሽ ብዙነህ።

ሁሉም እውነት ነው አለ። የወንድሙ ፓስተርም ይሁን ብለዋል። ስልኳ ታሰበ፤ ፌስቡኩ ሁሉ የእሱ ፎቶ ነው። ሊሊ ሲም ላስገባልዎት ብላ ስልኩን ትቀበላት ተባለ።

ከዚያ ጋሽ ብዙነህ ወደ እኔ ዞሩ።

«አጸደ፣ አንቺ ጋ ትረፍ። አንቺ ወሬ አይወጣሽም።»

ራሴን ነቀነቅኩ። ለምን ነቀነቅኩ? ማንም አላስገደደኝም። ሰው ሲያመሰግነኝ እሺ ማለት ለምዶብኝ ነው።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ብሄድ «እናቱ መጣች?» ይሉኛል።

የፍልሰታ ጾም ላይ ዓሣ ጠብሶ ያመጣልኝ ጊዜ ትዝ አለኝ። እሱ ጴንጤ ነው፣ ጾም አያውቅም፤ ከእኔ ጋር ግን መከራከር ይወዳል።

«ዓሣ ጾም አያስፈታም፣ እትዬ።»

«ማን አለህ?»

«እናቴ።»

«እናትህ ቄስ ናት?»

«ዓሣ ሻጭ ናት።»

«እንግዲያውስ ትለዋለች።»

ሆዱን ይዞ ሳቀ። በላሁ? በላሁ። ሎሚና ሚጥሚጣ ነበረበት። ለንስሐ አባቴ አልነገርኩም፣ አልነግርምም።

ከላይብረሪ የአማርኛ መጽሐፍ የሚያመጣልኝ እሱ ነበር። አንድ ቀን ማን ፊደል እንዳስቆጠረኝ ጠየቀኝ። ማንም፣ አልኩት። ሰው ቤት ስሠራ የጌቶቹ ልጆች ሲያጠኑ ከኋላቸው ወለል እየወለወልኩ ነው የለቀምኩት። ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ያዝናል ወይ ያደንቃል። እሱ አስተማሪ ነው... «ታዲያ መጀመሪያ ያነበቡት ቃል ምን ነበር?» አለኝ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሳሙና፣ አልኩት። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው።

ልጆቹንም እንዲህ ነበር የሚጠይቃቸው። ኳስ የሳተ ልጅ ላይ አይጮህም። ጠጋ ብሎ «ስትመቺው ምን እያየሽ ነበር?» ይላል። ልጅቷ መልስ እስክታገኝ ይጠብቃል። ወላጆች ዳር ቆመው ያጉረመርማሉ፤ ጨዋታው እየሄደ እኮ ነው። እሱ ግን ይጠብቃል።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ሥራ። የአረጋውያን መኖሪያውን አንሶላ ሳጥፍ ዋልኩ። አንሶላ ምንም አይጠይቀኝም፤ ጥሩ ነው።

አምልጬው የማላውቀውን ነገር ዛሬ ልጻፈው። ወልደገብርኤል ካንሰሩ ሲጠናበት እናቱ ደብረ ብርሃን ሞቱ። አይነገረው ተባለ። ያኔም ጋሽ ብዙነህ ናቸው ያሉት። እሺ አልኩ። ባሌ ሳሎን ተኝቶ እሑድ እሑድ «ለእማዬ ደውለሽ ሰላም በይልኝ» ይለኛል። መኝታ ቤት ገብቼ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ስልክ ጆሮዬ ላይ ይዤ ማንም ለሌለበት መስመር እናገራለሁ። ጮክ ብዬ። እንዲሰማ። ተመልሼ «በርታ ብለውሃል፤ ለማርያም ተስለውልሃል» እለዋለሁ። የሞቱ ሴትዮ ስለት...

እንዲህ እያለ ሞተ። ያውቅ ነበር? አንዳንድ ቀን ትክ ብሎ ያየኝ ነበር።

ለበጎ ነው የሚሉትን ቃል ከዚያ ወዲህ ስሰማ ጥርሴ ይፋጫል። ግን ቅዳሜ ራሴን ነቀነቅኩ። አሁንም።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ዛሬ ተሳፍራለች። አልጋዋን አነጠፍኩ። ካፖርቱን ከላይ አምጥቼ በር ኋላ ሰቀልኩት።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ቀለም ያለው ልብስ ልበሱ ተብለናል። ሊሊ ቢጫ ሹራብ፣ እኔ ልጅ የሚያስመስለኝ አበባ ያለበት ሻሽ። ጋሽ ብዙነህ ከረባት። ኤርፖርት ለሠርግ የመጣን እንመስላለን።

እናቱ ጌጥነሽ ሻንጣ እየገፋች ወጣች። አጭር፣ ሰፋ ያለች። ይዤላት የሄድኩትን ካፖርት አለበስኳት፤ ልክ ነው።

«ወንድሙስ?» የመጀመሪያ ቃሏ።

«ዩታ ሄዷል፣ እመቤት» አሉ ጋሽ ብዙነህ። «ተማሪዎች ይዞ። ድንገት ነው የታዘዘው። ቅዳሜ ይመጣል።»

ቅዳሜ ይመጣል። እንዲህ አሉ፣ እኔ አጠገባቸው ቆሜ።

«ዩታ ሐይቅ አለው?»

«ትልቅ አለው» አለች ሊሊ።

«እንግዲያው ቅዳሜም አይመጣም» ብላ ራሷ ሳቀች። «ውኃ ካየ የሚመለስ ልጅ አይደለም።»

ሳቅን። ሦስታችንም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለን፣ ሳቅን።

መኪና ውስጥ ሊሊ ስልኳን ጠየቀቻት። «እሱ ሲመጣ ያስገባልኛል» ብላ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጠበቀች። ሊሊ ሁለቴ ለመነቻት። በመጨረሻ ሰጠች፤ ለእኛ ደስ እንዲለን ብላ ነው የሰጠችው።

ቤት ሻንጣዋን ፈታች። በርበሬ፣ ሽሮ። ከመሃል አንድ ጥቅልል ናይለን ክር፣ የመረብ ክር። «እዚያ ያለው ቶሎ ይበጠሳል ብሎኝ ነው። አሜሪካ ክር የለም?» አለች። ወደ ጣሪያው አየች። «ቤቱ ከዚህ በላይ ነው አሉ። ቁልፉ እርስዎ ጋ ነው?»

«እሱ ጋ ነው» አልኩ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር።

በላች። ደክሟት ነበር፣ ወዲያው ተኛች። አበላኋት፣ አለበስኳት፣ ዋሸኋት። ጥሩ አስተናጋጅ ነኝ።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

በእጄ ነው ያደረግኩት። ማንም አላዘዘኝም፤ እንደሆነው እጽፋለሁ።

ጠዋት ስነሳ ጌጥነሽ ኪችን ናት። ፍሪዘሬ ውስጥ ወንድሙ ያስቀመጠውን ዓሣ አግኝታ ጠብሳዋለች። ትልቁን ለይታ ሳህን ላይ አድርጋ ክዳን ገጠመችበት። «ይሄ የእሱ ነው፤ እስከ ቅዳሜ ፍሪጅ ያቆየዋል» አለች። ከዚያ እጇን እየጠረገች፦

«እርስዎ ስልክዎ ይሠራል አይደል? ይደውሉና ይንገሩልኝ። እናትህ በሰላም ገብታለች፣ ዓሣህን አስቀምጣለች ይበሉልኝ። እኔ ካወራሁት ሥራውን ጥሎ ይመጣል።»

ስልኬን አነሳሁ። መኝታ ቤት ገባሁ። በሩን ገርበብ አደረግኩ።

ጆሮዬ ላይ አደረግኩት።

አልቻልኩም። አልችልም ማለት አይደለም፤ እችላለሁ፣ ጎበዝ ነኝ፣ አምስት ወር ሙሉ አድርጌዋለሁ። አላደርግም አልኩ። ስልኩን አልጋው ላይ ወርውሬ ተመለስኩ።

«ጌጥነሽ፣ ወንድሙ ዩታ አልሄደም። ያለፈው ዓርብ፣ በእንቅልፉ፣ ሞተ። ልቡ ነው። ነገ ሊቀብሩት ነው። ለእርስዎ ቅዳሜ ሊነግሩዎት ነበር።»

አረፈ አላልኩም። ሞተ አልኩ። ሰው እንዲህ ብሎ አያረዳም፤ አውቃለሁ።

አልጮኸችም። ምድጃውን አጠፋች።

«ነገ?»

«ነገ።»

«እስካሁን አልተቀበረም?»

«አልተቀበረም።»

ያኔ ጮኸች። ጎረቤት ግድግዳ መታ። ይምታ። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን እየመታች ስሙን ጠራች፤ አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ እጄን ገፋችኝ፣ አልሄድኩም። የደም ግፊት መድኃኒቷ የት እንዳለ ጠየቅኳት። በእጇ ቦርሳዋን አሳየችኝ። ሰጠኋት፣ ዋጠች። አልሞተችም።

ትንፋሿ ሲመለስ አየችኝ።

«ትናንት አብልተሽ አስተኛሽኝ» አለች። እርስዎ ቀረ። «ልጄ ሬሳ ቤት ተኝቶ እኔን ስለ ሐይቅ አሳቃችሁኝ። ዛሬ ዓሣ ስጠብስ ዝም ብለሽ አየሽኝ።»

አንድ ቀን ዘግይቻለሁ፤ ያቺ ቀን የእሷ ነበረች።

ለጋሽ ብዙነህ ደወልኩ።

«ነግሬያታለሁ።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ዛሬ ታየዋለች።»

«ሴትዮ፣ ሰው ሳይሰበሰብ? ሽማግሌ ሳይኖር? ብቻሽን?»

«እሷና እኔ ሁለት ነን።»

«አጸደ፣ አንቺ እንዲህ አልነበርሽም።»

«አልነበርኩም።» ዘጋሁት። በሰው ላይ ስልክ ዘግቼ አላውቅም ነበር።

ሊሊ ከሥራ አስፈቅዳ መጣች። ስልኩን መለሰችላት፤ አጎንብሳ፣ በሁለት እጇ። ሄራንም መኪናው ውስጥ ነበረች፣ ከትምህርት ቤት ቀርታ። መንገድ ላይ በጆሮዬ «ቡድኑ በሙሉ በዚያው ዓርብ ነው ያወቅነው፤ ኢንስታግራም ላይ ነበር። ያላወቀችው የኮች እናት ብቻ ናት» አለችኝ። እንግሊዝኛ የተቀላቀለበት አማርኛ። በእኛ አፍራለች። ትፈር።

ሬሳ ቤቱ ውስጥ ጌጥነሽ ግንባሩን አልሳመችም መጀመሪያ። ቀኝ እጁን አወጣች። አውራ ጣቱ ላይ ያለችውን ጠባሳ ፈልጋ በጣቷ ዳሰሰቻት። መረብ የቆረጠው ነው፣ ልጅ እያለ። ከዚያ ነው የሳመችው። ከዚያ ቁጭ አለች። እኔና ሊሊ በር ላይ ቆየን። ረጅም ጊዜ።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ መስኮቱን እያየች ተናገረች።

«እኛ ሐይቅ ዳር መርዶ ነጋሪ የለም። ማዕበል ሲነሳ ሴቱ ሁሉ ወጥቶ ይቆማል። ጀልባ ሲመጣ ዓይንሽ ሰውሽን ይፈልጋል። ካለ አለ። ከሌለ አየሽ፣ አለቀ። የወንድሙ አባት የጠፋ ቀን ማንም ምንም አላለኝም፤ ጀልባዋን ባዶዋን እየጎተቱ አመጧት። ወንድሙ እጄን ይዞ ነበር። ልጅ ነው ከዚህ አርቂው አሉኝ። አላራቅኩትም። አባቱ ነው፣ ይይ አልኩ። ሦስት ቀን ቆመን አገኘነው፣ እኔና እሱ ቀበርነው።» ወደ እኔ ዞረችና፦ «እኔን ከልጄ ሊያርቁኝ? እኔን?»

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ቀበርነው።

ሜዳ ሙሉ ሰው። አስተማሪዎች፣ የሰፈር ሰው፣ ልጆቹ ማልያቸውን ካፖርት ላይ ለብሰው። ጌጥነሽ እሱ በገዛላት ካፖርት ቆመች። ወንበር አመጡላት፣ አልተቀመጠችም። አልወደቀችም። ውኃና ማራገቢያ ይዘው የከበቧትን ሴቶች በትከሻዋ እየገፋች ወደ ፊት ወጣች፤ መጀመሪያ አፈር ያለበሰችው እሷ ናት።

ቀብሩ ሲያልቅ ጋሽ ብዙነህ ወደ ጎን ወሰዱኝ።

«ብትሞትብንስ ኖሮ?»

«አልሞተችም።»

«ብትሞትስ ነው የምልሽ።»

«ልጇን አይታ ትሞት ነበር።»

«አንቺን ነበር የምንጠይቀው።»

«ትጠይቁኝ ነበር።»

ወልደገብርኤል የተቀበረው እዚያው ነው፣ ከዛፎቹ ወዲያ። ሄጄ ቆምኩ። እናትህ ሞተዋል ልበለው? አሁን? አልነገርኩትም። ለሞተ ሰው መንገር ቀላል ነው። ያንን ለራሴ አልፈቅድም። ሣሩን ጠራርጌ ተመለስኩ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ቤቱ ሰው ሞላ። ለቅሶ ደራሾች ናቸው። ግማሾቹ ጌጥነሽን ያቅፋሉ፣ እኔን አልፈውኝ ይሄዳሉ። አንዷ «መርዶ እንደ ፒዛ በር ላይ አይጣልም» አለች፣ እንድሰማ። ጥሩ ተናገረች፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

ሽንኩርት ልጬ ዋልኩ። ማንም አላባረረኝም። ቤቱ የእኔ ነው።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

ኮሚቴው ጠራኝ። ያችው ክፍል። ከጠረጴዛው ማዶ ተደርድረው፣ እኔ ብቻዬን ከወዲህ። ጌጥነሽ ልምጣ ብላኝ ነበር፤ አይሆንም አልኳት።

ጋሽ ብዙነህ በለሆሳስ ነው የጀመሩት። ማኅበሩ የሚቆመው በሥርዓት ነው። መርዶ ሥርዓት አለው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ የሚደግፍ እጅ ተዘጋጅቶ። ይሄ እኛ ያመጣነው አይደለም። «ይቅርታ በይና ይለቅ» አሉ። «እኛም ይቅር እንላለን። አንድ ቃል ናት።»

እውነት አላቸው። ማለዳው ጥሩ ነው። እጁም ጥሩ ነው። ብቻዬን መንገሬ ከብዶኝ ነበር፤ አልክድም። ግን እነሱ ሥርዓት የሚሉት ቀብሩን መስረቅን ጨምሮ ነው። ያንን ማን ሥርዓት አደረገው? ዓርብ ቀብሮ ቅዳሜ መንገር ያመጣነው እኛው ነን፣ እዚሁ ዴንቨር፣ የሰው ለቅሶ እንዳያስቸግረን ብለን።

ይሄን ሁሉ አልተናገርኩም። የተናገርኩት ይሄ ነው፦

«ለእናቱ ይቅርታ ብያለሁ፣ ረቡዕ ዕለት ስለዋሸኋት። ለእናንተ የለኝም።»

አንዱ ሳለ። ሌላው ስልኩን አየ።

«ከማኅበሩ መውጣት ትፈልጊያለሽ?» አሉ ጋሽ ብዙነህ።

«አልወጣም። አስወጡኝ።»

ማንም ትውጣ ብሎ እጁን አላወጣም። ጠበቅኩ። ከዚያ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ላይ አፌ ፈገግ ይል ነበር። ራሴን በመስኮቱ አየሁት።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ሜዳ ሄድን፣ እኔና ጌጥነሽ። ልጆቹ አሠልጣኝ ሳይኖራቸው መጥተዋል፤ ሊሊ እስከዚያው ልያዛቸው ብላ ፊሽካ አንገቷ ላይ አድርጋለች፣ ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ አታውቅም። መረቡን ዘርግተው ተቀምጠዋል።

ጌጥነሽ ቋጠሮአቸውን አየች። ፊቷን አጨማደደች።

«ይሄን ማን አስተማራችሁ?»

«ኮች» አለች ሄራን።

«ውሸት ነው። ልጄ እንዲህ አይቋጥርም። ተዝረክርካችሁ ነው።» ሁሉንም ፈታችው። የአንድ ወር ሥራ። ልጆቹ አፋቸውን ከፈቱ። ከዝዋይ ያመጣችውን ክር አውጥታ፣ ካፖርቷን አንጥፋ መሬት ተቀመጠች፣ እጃቸውን እየመታች ከመጀመሪያው አስጀመረቻቸው። በአማርኛ ትሰድባቸዋለች፣ የማይገባቸውም ያልገባቸው አይመስሉም። ሄራን ሁለቴ ተሳስታ ሦስተኛ ጊዜ ሲይዝላት ጌጥነሽ ቀጣዩን ቀዳዳ አሳየቻት።

መኪናው ውስጥ ነው ያለቀሰችው። እኔም። ሊሊ ሬዲዮኑን ዘጋችልን።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

ከዝዋይ ቤዚ ደወለች፣ የወንድሙ ታናሽ እህት። ለእሷም አልተነገራትም ነበር፤ ፈተና ላይ ናት ብለው። አጎቶቿ እስክትጨርስ ይቆይ ብለዋል። ጌጥነሽ ስልኩን ያዘች፣ አየችኝ፣ ነገረቻት። የልጅቷን ጩኸት እስከ ኪችን ሰማሁት።

ከቆየ በኋላ ጌጥነሽ መጥታ ወንበር ሳበች።

«ፈተናው ላይ አትቀመጥም» አለች።

«ጥፋት ሆነ?»

«ምን አውቃለሁ። ወንድሟ ነው።»

ትክክል መሆን እንዲህ ደስ የማይል ነገር መሆኑን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ጋሽ ብዙነህ ደወሉ። ከዚያች ረቡዕ ወዲህ አልደወሉም ነበር።

ሰላምታቸው ረዘመ። ብርዱ፣ ጉልበታቸው፣ የጌጥነሽ ጤና። ከዚያ፦

«ፓርክ ሂል ያለችውን ፀዲን ታውቂያታለሽ? የሕፃናት መዋያ የምትሠራውን?»

«አውቃታለሁ።»

«አባቷ ደሴ አርፈዋል። ዛሬ። እሷ ደግሞ ስድስት ወር እርጉዝ ናት።» ትንፋሻቸው ተሰማኝ። «ኮሚቴው እስክትወልድ ይቆይ ብሏል። ባሏ ግን... ባሏ እምቢ አለ። እነዚያን ሴቶች ጥሩልኝ አለ።»

«የትኞቹን ሴቶች?»

«አንቺ ደግሞ። አንቺንና የልጁን እናት ነዋ።»

ስድስት ወር። ብትወልድስ ያለ ጊዜዋ? በዚህ ማንን ነው የሚጠይቁት? እኔን ነው። ይጠይቁኝ።

«ጋሽ ብዙነህ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

እሳቸውን እንዲህ ጠይቄ አላውቅም። የጠየቃቸውም ያለ አይመስለኝም። እሳቸው የሚወስኑ ሰው ናቸው።

«እኔ እኮ» አሉ፣ «እናቴ ስትሞት አርባዋ ካለፈ በኋላ ነው የነገሩኝ። ጠንካራ ነህ ብለው አመሰገኑኝ።» ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «ሐኪሟ ጋ ደውሎ ባሏ ጠይቋል። ንገሯት፣ ግን ብቻዋን አትተዉዋት ብላለች። እኔም እመጣለሁ። በር ላይ ግን አልቆምም፤ እኔን ካየች ገና ሳትሰማ ትደነግጣለች። መኪና ውስጥ እሆናለሁ።»

«ከሥራ ስንት ሰዓት ትወጣለች?»

«አሁን ቤት ናት።»

«አሁን ነዋ» አልኩ። ዘጋሁ።

ጌጥነሽ ሁሉንም ሰምታለች። ካፖርቷን ለብሳ በር ላይ ጠበቀችኝ። ይሄን የምጽፈው ጫማዬን አጥልቄ፣ ሊሊ መኪናውን እስክታሞቅ ነው። ቸኩዬ ፊደሉ ተጣሟል። ምን ብዬ እጀምራለሁ? አባትሽ ልበል፣ ስሟን ልጥራ...

ምን ልበላት ብዬ ጌጥነሽን ጠየቅኳት።

«ያልሽኝን በያት» አለች። «ግን መጀመሪያ አጠገቧ ተቀመጪ። እኔን ቆመሽ ነው የነገርሽኝ።»